ለጠባብ ሳሎን ሳውንድባርና ስፒከር መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ውሎ አድሮ «ምስሉ አሪፍ ነው፣ ድምፁ ግን…» ማለቱ አይቀርም። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ኮንዶሚኒየም ወይም ትንሽ ሳሎን ያላቸው ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹም ለእነሱ የታሰቡ ናቸው። ሰፊ ቪላ ያለው ሰው ሌላ ስሌት ያስፈልገዋል።

ቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር አለው አይደል? ሌላ ለምን እጨምራለሁ?

የዛሬ ቴሌቪዥን በጣም ቀጭን ነው። ስፒከር ደግሞ አየር ለመግፋት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ አምራቾቹ ትንንሽ ስፒከሮችን ከታች ወይም ከኋላ ይሸጉጧቸዋል። ድምፁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቡፌው ወይም ወደ ግድግዳው ነው፤ እናንተ ጋ የሚደርሰው ነጥሮ ነው። ሰው ሲያወራ ቃሉ የሚዋጠው፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ግን ቤቱ የሚደበላለቀው ለዚህ ነው። ሪሞት ጨብጦ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የሚያመሽ ሰው በየቤቱ አለ።

ዜናና ድራማ ብቻ የምታዩ ከሆነ ግን ወዲያው ወደ ሱቅ አትሩጡ። የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሜኑ ክፈቱና ንግግር የሚያጎላውን ምርጫ ሞክሩት። «ክሊር ቮይስ» ወይም «ስፒች» የሚል ስም ሊኖረው ይችላል። ነጻ ነው። አንዳንዴ እሱ ብቻ ይበቃል።

ሳሎኔ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ሳውንድባር ይሻለኛል ወይስ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር?

በዚህ ስፋት ለአብዛኛው ሰው ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው ረዥም ቀጭን የስፒከር ሳጥን ይሻላል። ነገሩን የሚወስነው የሶፋው ቦታ ነው።

ባለ አምስቱ ሲስተም ሁለት የኋላ ስፒከሮች አሉት። እነሱ በግራና በቀኝ፣ ከጆሯችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብለው መቀመጥ አለባቸው። የኛ ሶፋ የት ነው ያለው? ግድግዳ ተደግፎ። ከኋላው መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት እንኳ የለም። ስለዚህ ብዙ ቤት ስትሄዱ የኋላዎቹ ስፒከሮች ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ ላያቸው ላይ አበባ ተቀምጦ። የአምስት ስፒከር ዋጋ ተከፍሎ የሁለት ስፒከር ድምፅ እየተሰማ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የምታዩት ነው። በዲሽ የሚገቡት የኛ ቻናሎች በአብዛኛው ስቴሪዮ ናቸው፤ ሁለት ቻናል ድምፅ፣ ግራና ቀኝ ብቻ ይልካሉ። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የአማርኛ ፊልምም እንዲሁ። እውነተኛ የአምስት ስፒከር ድምፅ የሚመጣው ከኔትፍሊክስና ከመሰሎቹ፣ ወይም በፍላሽ ከሚገቡ በጥሩ ጥራት ከተቀዱ ፊልሞች ነው። ማምሻችሁ ዜናና ኳስ ከሆነ የኋላ ስፒከሮቹ ሥራ ፈት ናቸው።

ሶፋችሁ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል መራቅ ከቻለና የፊልም ሰው ከሆናችሁ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ደስታው ሌላ ነው።

2.0፣ 2.1፣ 3.1፣ 5.1.2 የሚሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

የመጀመሪያው ቁጥር በጆሮ ከፍታ ዙሪያችሁን ያሉ የድምፅ ቻናሎች ብዛት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው 1 ሰብውፈር፣ ማለትም የቤዙ ሳጥን አለ ማለት ነው። ሦስተኛ ቁጥር ካለ ወደ ጣሪያ የሚተኩሱ ስፒከሮች ናቸው።

ብዙ ሰው ለ5.1 ሲጓጓ 3.1ን ይዘለዋል። እኔ ለትንሽ ክፍል የምወደው እሱን ነው። በ3.1 ውስጥ ያለው ሦስተኛው ቻናል የመሀሉ ሲሆን ሥራው በዋናነት ንግግር ማውጣት ነው። የፊልም ንግግር በብዛት የሚቀዳው በዚህ ቻናል ነው። በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ልዩነቱን ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ካርቶኑ ላይ «5,000 ዋት» ይላል። ለትንሽ ክፍል ስንት ዋት ይበቃል?

ካርቶኑን አትመኑት። ብዙውን ጊዜ ያ ቁጥር ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው፤ ስፒከሩ ለቅጽበት ሊያወጣው ይችላል ተብሎ የሚገመት፣ ወጥ መለኪያ የሌለው የማስታወቂያ ቁጥር። መፈለግ ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን ነው። ሳይቋረጥ የሚሰጠው ኃይል እሱ ነው።

ቀላል ማረጋገጫ አለ። ዕቃውን ገልብጡና ከኋላው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ኃይል የሚያገኘው በአዳፕተር ከሆነ አዳፕተሩ ላይ «12 ቮልት፣ 2 አምፔር» የሚል ይኖራል። ሁለቱን አባዙ፦ 24 ዋት። 24 ዋት የሚያስገባ ዕቃ ሳያቋርጥ 200 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ደግሞ ዋት ሲጨምር ድምፅ በዚያው ልክ አይጨምርም። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ ከፍ የሚለው በሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ለውጡን ያውቀዋል፣ ግን ትንሽ ነው። ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲመስል ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ተኩል ርቃችሁ በተለመደው ድምፅ ስታዩ የምትጠቀሙት ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ሐቀኛ 40 ወይም 60 ዋት ለአንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ከበቂ በላይ ነው።

እሺ፣ የትኛውን ሞዴል ልግዛ? ስንት ብርስ ልመድብ?

የብር ዋጋ ልጽፍ አልፈልግም፤ ይህን ስታነቡ ተቀይሮ ይቆያል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ የቴሌቪዥኑ ዋጋ ነው። ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ሩብ እስከ ሲሶ ብትመድቡ ለትንሽ ክፍል የሚሆን ጥሩ ነገር ይገኛል። ከዚያ በላይ ማውጣት ግዴታ አይደለም።

ከማውቃቸው ውስጥ ሦስቱን ልጥቀስ። የሶኒ ኤችቲ-ኤስ100ኤፍ 90 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ያለ ሰብውፈር የሚሠራ ባለ 2.0 ሳውንድባር ነው። ቤዙ ብዙ አይደለም፤ ንግግሩ ግን ግልጽ ነው፣ ከጎረቤትም አያጣላም። የያማሃ ኤስአር-ሲ20ኤ 60 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ትንሽ ሰብውፈር በውስጡ አለው። ለስቱዲዮ ክፍልና ለ32 ኢንች ቴሌቪዥን ከእሱ የተሻለ ልክ የሚሆን ነገር ብዙ አላየሁም። አምስት ስፒከር ካላገኘሁ ለሚል ደግሞ የሶኒ ኤችቲ-ኤስ20አር አለ። የኋላዎቹ ስፒከሮች በገመድ ናቸው፤ ገመዶቹ ሁሉ የሚገቡት ሰብውፈሩ ላይ ነው፤ ዋናው ማሽን ያለው እዚያ ነውና። ስለዚህ ሰብውፈሩ የት እንደሚቀመጥና ገመዱ በየት እንደሚዞር ሳታስቡ አትግዙት። በር አጠገብ የሚያልፍ ገመድ ያለ ጥርጥር አንድ ቀን ሰው ይጥላል።

እነዚህ ባይገኙም ሐሳቡን ያዙ፦ ርዝመቱ ከቴሌቪዥኑ የማይበልጥ፣ የኤችዲኤምአይና የኦፕቲካል መግቢያ (ከቴሌቪዥኑ ድምፅ የሚቀበልባቸው ቀዳዳዎች፤ ከታች እመለስባቸዋለሁ) ያለው፣ አርኤምኤሱ የተጻፈ። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 72 ሴንቲሜትር ገደማ፣ 43 ኢንች 96 ገደማ፣ 55 ኢንች 123 ገደማ ነው።

ከሳውንድባር ሌላ አማራጭ የለም?

አለ፤ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው እንዲያውም ይሻላል። አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ጥንድ ስፒከር ማለቴ ነው። ኤዲፋየር የሚባለው ብራንድ አር1280ዲቢ የሚል ሞዴል አለው። ሁለት የእንጨት ሳጥኖች፣ እያንዳንዳቸው አራት ኢንች ውፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክብ ስፒከር)፣ ሁለቱ በአንድ ላይ 42 ዋት አርኤምኤስ። ኦፕቲካልና ብሉቱዝ አለው፣ ሪሞትም አለው።

የጥንድ ስፒከር ጥቅሙ ግራና ቀኙን ማራራቅ መቻሉ ነው። በአንድ ባር ውስጥ የታሸጉ ስፒከሮች ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት። ሁለቱን በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብታራርቋቸውና ወደ መቀመጫችሁ ትንሽ ብታዞሯቸው ዘፋኙ ከመሀል፣ ክራሩ ከግራ፣ ማሲንቆው ከቀኝ ሲመጣ ይሰማችኋል። ጉዳቱ ደግሞ ኤችዲኤምአይ የለውም፤ ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፁን መቀነስና መጨመር አትችሉም። ሁለት ሪሞት የሚያናድደው ሰው ቤት ውስጥ ካለ አስቡበት።

ዘመድ ከአሜሪካ ሳውንድባር ሊልክልኝ ነው። ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። ከአሜሪካ ሱቅ የተገዛ ዕቃ ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል፣ ላይቀበልም ይችላል። የሚወስነው ዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ ምንም ስጋት የለም፤ የሶኬቱን ጫፍ ማስተካከል ብቻ ነው። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ ግን በቀጥታ እንዳትሰኩት። አንዴ ብቻ ነው የሚበራው።

ሦስት ነገሮች አስተውሉ። አንደኛ፣ ከሳውንድባሩ ጋር ሰብውፈር ካለ ሁለቱን ለየብቻ አንብቡ። ባሩ በአዳፕተር ስለሚሠራ 240 ሊቀበል ይችላል፤ ሰብውፈሩ ግን ገመዱ በቀጥታ ስለሚገባበት 120 ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሱቅ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ የሶኬት መቀየሪያ ቮልት አትቀይርም፤ ቅርፅ ብቻ ነው የምትቀይረው። ሦስተኛ፣ ትራንስፎርመር ከገዛችሁ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ዋት ወደ ሁለት እጥፍ የሚችለውን፣ ከበድ ያለውን ምረጡ። ቀላሉና ርካሹ ይግላል፣ እዝዝዝ የሚል ድምፅም ስፒከሩ ውስጥ ይጨምራል።

ከሁሉ የሚሻለው ዘመዳችሁ ከመክፈሉ በፊት የዕቃውን ጀርባ በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ መለመን ነው። ሲሰጥ ማን ይጠይቃል እንዳትሉ፤ እሱም ልፋቱ ከንቱ ቢቀር ደስ አይለውም።

ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ የሚመጣው ዛሬ ዛሬ በቮልት በኩል ብዙ አያሰጋም። ሶኬቱ ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። በመቀየሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚወዛወዝና ብልጭ ከሚል ገመዱን ራሱን ቀይሩት። የብዙዎቹ ሳውንድባሮች ገመድ ከጀርባ የሚነቀል፣ ጫፉ የስምንት ቁጥር ቅርፅ ያለው ነው። ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ በርካሽ ይገኛል።

ከቴሌቪዥኑ ጋር በየትኛው ገመድ ላገናኘው?

በኤችዲኤምአይ። ግን በየትኛውም ቀዳዳ አይደለም። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ስታዩ ሁለት ወይም ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ከአንዱ ሥር «ኤአርሲ» የሚሉት ሦስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንሹ ተጽፈዋል። ገመዱ እዚያ ነው የሚገባው። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ነው፤ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወደ ስፒከሩ ተመልሶ እንዲወጣ ያደርጋል። አዲሶቹ ላይ ከፊቱ «ኢ» ተጨምሮበት ታገኙታላችሁ፤ የበለጠ መረጃ ይሸከማል፣ ለትንሽ ሲስተም ግን ተራው ይበቃል። የዲሽ ሪሲቨሩ በሌላኛው ቀዳዳ እንደገባ ይቆያል።

ኤአርሲ ከሌለ ኦፕቲካል ተጠቀሙ። ቀጭን ገመድ ነው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን ይታያል። ሁለት ነገር ብቻ፦ በማዕዘን አጥፋችሁ አትጨቁኑት፣ ጫፎቹ ላይ ያለችውን ትንሽ ግልጽ የፕላስቲክ ቆብ አውልቁ። «ገመዱ አይሠራም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያላወለቁት ቆቧን ነው።

ሁለቱም የሌሉት የቆየ ቴሌቪዥን ከሆነ የኢርፎን ቀዳዳው ላይ የኦክስ ገመድ ይሰካል። ድምፁ ትንሽ ያንሳል እንጂ ይሠራል።

ሁሉንም ሰክቻለሁ፣ ድምፅ ግን የለም።

ቴሌቪዥኑ አሁንም በራሱ ስፒከር እየሠራ ይሆናል። የድምፅ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ሳውንድ አውትፑት» የሚለውን ወደ ኤችዲኤምአይ ወይም ወደ ኦፕቲካል ቀይሩ። በኤችዲኤምአይ ከሆነ ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሴቲንግም መብራት አለበት። ሳምሰንግ «አኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» ይሉታል፤ ነገሩ አንድ ነው።

ዜናው እየተሰማ አንድ የተወሰነ ፊልም ላይ ብቻ ዝም ካለ ደግሞ የፊልሙ ድምፅ ዓይነት ነው ችግሩ። በፍላሽ የሚዞሩ ብዙ ፊልሞች ዲቲኤስ በሚባል አሠራር የተቀዱ ናቸው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች እሱን አያነቡም። ስፒከሩ አልተበላሸም። የዲጂታል ድምፁን ምርጫ ከ«ፒሲኤም» ወደ «አውቶ»፣ ወይም በተቃራኒው ቀያይራችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ያንኑ ፊልም በሌላ ቅጂ መፈለግ ነው።

ገመድ አልወድም። በብሉቱዝ ባደርገውስ?

ለሙዚቃ ይሁን፤ ለፊልም ግን አልመክርም። ብሉቱዝ ድምፁን በትንሹ ያዘገየዋል፤ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ትንሽ ትመስላለች፤ ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ሲመጣ ግን ሌላ ምንም ማየት አትችሉም። ኳስ ላይ ደግሞ ጎሉ መረብ ውስጥ ገብቶ የምቱ ድምፅ ኋላ ይደርሳል።

ቤዙ ክፍሉን ያናውጠዋል፣ ጎረቤትም አማረረ። ምን ላድርግ?

ትንሽ ክፍል ቤዝን በራሱ ያጎላል። 3.5 ሜትር በሚረዝም ክፍል ውስጥ 49 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያበረታል። የቤዝ ጊታርና የፊልም ፍንዳታ እዚያው አካባቢ ነው የሚውሉት። ስለዚህ አንድ ኖታ ብቻ ተለይቶ «ጉም» ሲል፣ ቡፌው ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ሲንጫጩ ትሰማላችሁ። ሰብውፈሩ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ይብሳል፤ ሁለት ግድግዳና ወለሉ ተባብረው ያጮሁታል።

መጀመሪያ ከጥግ አውጡት። ሃምሳ ሴንቲሜትር እንኳ ማንቀሳቀስ ለውጥ አለው። ትዕግሥት ካላችሁ ደግሞ ባለሙያዎቹ የሚያደርጉትን አድርጉ፦ ሰብውፈሩን ሶፋው ላይ፣ እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡት፤ ቤዙ የሚጎላ ዘፈን ክፈቱ፤ ከዚያ በእንብርክክ ክፍሉን እየዞራችሁ አድምጡ። ቤዙ ሳይጎረብጥ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ስትደርሱ የሰብውፈሩ ቦታ እዚያ ነው። ቤተሰብ ይስቅባችኋል፤ ይሠራል ግን።

ጎረቤቱን በተመለከተ፦ ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያቆመዋል፤ ወፍራም ድምፅ ግን በግድግዳም በወለልም ያልፋል። እናንተ «ዝቅ አድርጌዋለሁ» ስትሉ ከታች ያሉት የሚሰሙት ንግግሩ የሌለበትን ድብ ድብ ብቻ ነው። ከሰብውፈሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ አድርጉ። ማታ የሳውንድባሩን «ናይት ሞድ» አብሩ፤ የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚንሾካሾከውን ከፍ ያደርጋል። የሰብውፈሩን ድምፅ ብቻ ለይታችሁም መቀነስ ትችላላችሁ። ከላይም ከታችም ሰው ካለባችሁ ግን የኔ ምክር ከመጀመሪያው ያለ ሰብውፈር መግዛት ነው።

የት ላስቀምጠው?

ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ቡፌው ጫፍ ድረስ ወደ ፊት ስቡት። ወደ ኋላ ከተገፋ ድምፁ መጀመሪያ የቡፌውን ገጽ ይመታል። መደርደሪያ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ንግግሩ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ይሆናል። ባሩ የቴሌቪዥኑን የሪሞት መቀበያ እንዳይጋርድ ከፍታውን ለኩ፤ ብዙዎቹ ወደ ስድስት ሴንቲሜትር ናቸው።

ዳንቴሉንም አንሱ። አውቃለሁ፣ አቧራ አለ፣ እማማም የሠሩት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ይሁን፤ ስፒከር ላይ ግን አይሁን።

ክፍሉ ራሱ የስፒከሩ አካል መሆኑንም አትርሱ። ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ የተለሰነ ግድግዳና ትልቅ መስኮት ካለ መሀል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባውን ተከትሎ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ካለ ሳውንድባር ከመቀየር በፊት ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ይቅደም።

ዶልቢ አትሞስ ያለውን ልግዛ?

በትንሽ በጀት፣ አይሆንም። አትሞስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሲኒማ ቤት ውስጥ የመጣ፣ ድምፅ ከላይም የሚመጣበት አሠራር ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሳውንድባር ድምፁን ወደ ጣሪያ ተኩሶ አንጥሮ ነው የሚያወርደው። ጣሪያው ጠፍጣፋና ጠንካራ መሆን አለበት፤ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ይሆናል፣ የአቡጀዴ ኮርኒስ ግን ድምፁን አያነጥረውም። ርካሾቹ ደግሞ ካርቶኑ ላይ አትሞስ ይጻፍባቸው እንጂ ወደ ላይ የሚያይ ስፒከር እንኳ የላቸውም። በዚያው ዋጋ የተሻለ ባለ 3.1 ታገኛላችሁ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ልፈትነው?

ሻጩ የሚከፍትላችሁ ቤዙ የሚያስጨፍር ዘፈን ነው። እሱ ላይ ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ዜና አንባቢ ክፈቱ። ወንድም ሴትም አድምጡ። ቃሉ መጨረሻ ላይ «ስ» እና «ጽ» ያፏጫል? ንግግሩ ደረት ውስጥ የታፈነ ይመስላል? ከዚያ ድምፁን እስከ ሦስት አራተኛ ከፍ አድርጉ፤ መንቀጥቀጥ ወይም መሰንጠቅ ካለ ተዉት። መጨረሻ ላይ ዘፈኑን አቁማችሁ ዝም ስትሉ የሚያፏጭ ወይም የሚያጉረመርም ነገር መኖሩን ስሙ።

የታወቀ ብራንድ ስም የተለጠፈባቸው ቅጂዎችም አሉ። የካርቶኑ፣ የዕቃው ጀርባና የዋስትና ወረቀቱ ሞዴል ቁጥር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፤ ያ ሞዴል በእርግጥ መኖሩን ደግሞ እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ ፈልጉ። ጋራንቲው «የኛ ሱቅ ነው፣ አታስቡ» የሚል ብቻ ከሆነ በጽሑፍና በማኅተም ጠይቁ።

መብራት እየሄደ ይመጣል። ይጎዳዋል?

መሄዱ ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልት ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉት፤ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ስኩት። ተራ ዲቫይደር ከዚህ አያድንም። ቮልት ከፍ ሲል የሚቆርጥና ሲመለስ የሚያዘገይ መከላከያ ካለ ቴሌቪዥኑንም ሳውንድባሩንም በእሱ ላይ አድርጉ።

አባቴ የተዉልኝ ትልልቅ ስፒከሮችና አምፕሊፋየር አሉ። ልጣላቸው?

እንዳታደርጉት። የዚያ ዘመን የእንጨት ሳጥን ከብዙ ርካሽ ሳውንድባር ይበልጣል። የሚያስፈልጋችሁ የቴሌቪዥኑን ኦፕቲካል ወደ ቀይና ነጭ ገመድ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ብቻ ናት፤ «ዲጂታል ቱ አናሎግ» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። ስትሰኳት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ «ፒሲኤም» አድርጉት፤ አለበለዚያ ዝም ትላለች ወይም ታፏጫለች።

ከመክፈታችሁ በፊት የፊቱን ጨርቅ አንሱና የውፈሩን ጠርዝ ተመልከቱ። ዙሪያው ያለው ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ይፈረፍራል፤ በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይረግፋል። እንደዚያ ከሆነ አታጫውቱት፤ ውፈሩ ልቅ ሆኖ ውስጡ ያለው የሽቦ ጠመዝማዛ ይፋቃል። ስፖንጁ ብቻውን ይቀየራል። ስፒከር የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፤ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን የውፈሩን ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።